በፕላቨር ስም

አልቨርስተን፣ ታዝማኒያ
ማርች 3፣ 1986

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለኢኒድ ባርዊክ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የለንደን ብርድስ ራራልዎት? እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። ቤትዎም አለ። የኋላው ክፍል ጣሪያ ማፍሰሱን አልተው ስላለኝ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ጎረቤታችን ሚስስ ፑርተን ዛሬም «አክስትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላኝ፣ እኔም እንደ ስድስት ዓመት ልማዴ «ለፋሲካ» አልኳት።

በብዕር ስምዎ በፕላቨር የሚወጣውን የዓርቡን የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ከጋዜጣው ቆርጬ አብሬ ልኬያለሁ። የሚቀጥለውን ሳምንት ፖስታ ለጋዜጣው አዘጋጅ ለሚስተር ትራንተር ሳቀብለው «ይህቺ ሴትዮ ዘንድሮ ብሶባታል!» አለኝ፤ «ለንደን ተቀምጣ የእኛን የቴሌቪዥን ድራማ እዚህ ካለነው ከእኛ በላይ የምታውቀው እንዴት ብላ ነው?» ወሬውን እኔ እንደምጽፍልዎት ነገርኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ልናገር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሲድኒ ያለ አንድ ሳምንታዊ መጽሔት የፊልም፣ የዘፈንና የመጻሕፍት እንቆቅልሽ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል። ጻፍኩላቸው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ፕላቨር ማለት እኔ ነኝ አልኳቸው። አዘጋጇ ሚስስ ኮትስ ፕላቨርን ሃያ ዓመት ሙሉ ስትፈታ የኖረች ሴት ናት። «የምትይው እውነት ከሆነ አክስትሽ በፊርማዋ ታረጋግጥልኝ» አለችኝ። እስከ ጁን መጨረሻ ትጠብቀኛለች።

አክስቴ፣ የምለምንዎት አንድ ገጽ ብቻ ነው። «ከ1980 ጀምሮ ፍንጮቹን የጻፈችው የወንድሜ ልጅ ኔሪዳ ናት» ብለው ይፈርሙልኝ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞላኝ። በእርስዎ ወንበር ተቀምጬ፣ በእርስዎ የጽሕፈት መኪና፣ በእርስዎ ስም እጽፋለሁ። ሲሄዱ ሦስት ወር ነበር ያሉኝ። እዚህ ቤት ውስጥ አየር አጥሮኛል።

አክባሪዎ ኔሪዳ


ክሮይደን፣ ለንደን
ማርች 19፣ 1986

ለልጄ ለኔሪዳ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ማስተዋል ይጨምርልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉልበቴን ጠየቅሽኝ፤ ደረጃ ላይ ነው የሚከዳኝ። ግራሃም ልጄ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ያስቀመጠኝ ላይኛው ፎቅ ነው፤ እሱና ሚስቱ ፌሊሲቲ ታች ይስቃሉ፣ እኔ ላይ ሆኜ በምን እንደሳቁ እገምታለሁ። ባለፈው ሳምንት የአረጋውያን መኖሪያ ፎቶ ያለበት ቆንጆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ሄዷል። ረስቶ አይደለም።

እንቆቅልሹን አየሁት። ቁልቁል 7 በጣም ረዝሟል። ፍንጭ ከአሥር ቃል ካለፈ ወሬ ነው ብዬ ስንቴ ነግሬሻለሁ? የተጠየቀውን ልቦለድ ያላነበበ ሰው ይፈር እንጂ አንቺ ምን አገባሽና ታስረጂዋለሽ?

ደግሞ አግድም 15 ላይ ያስገባሽው ተዋናይ መሞቱን አጣርተሻል? በፕላቨር ሰንጠረዥ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ስሙ አይገባም። ይህን ደንብ ያወጣሁት በ1947 ነው። በቁሙ ያለ ሰው ነገ ምን ጉድ እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ የሞተ ግን አያሳፍርሽም። ደንቡ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ቀን አልሳትኩም።

ስለ ሌላው ጉዳይ ይታያል። ሲድኒ ጫጫታ ነው፤ ለአንቺ አይሆንሽም። ጣሪያውን ለአናጺው ለቶም ፊንች ንገሪው።

አክስትሽ ኢኒድ


አልቨርስተን
ኤፕሪል 4፣ 1986

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከባሕሩ ማዶ ይድረስዎት። ፋሲካን እንዴት ዋሉ? እኔ ያችን በባሕር ሥጋ የተሞላች የስካሎፕ ፓይ ገዝቼ ብቻዬን በላሁ።

ተዋናዩ ሞቷል፤ አጣርቻለሁ። ስለ ደንቡ አይስጉ፤ እዚህ አገር ሕግ ሆኗል። ትናንት ሥጋ ቤት አንድ ሽማግሌ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ገና ፕላቨር ውስጥ አልገባሁም» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት። ሰዎች ዓርብ ጠዋት የሐዘን ማስታወቂያውን ትተው መጀመሪያ የእኛን ሰንጠረዥ ነው የሚያዩት።

«ይታያል» አሉኝ። አክስቴ፣ ምኑ ነው የሚታየው? እስቲ እንዴት እንደምውል ልንገርዎት። ሰኞ ሰንጠረዡን እሞላለሁ፤ ጥቁሮቹን ሣጥኖች እንዳስተማሩኝ በግራና በቀኝ አመሳስላለሁ። ማክሰኞና ረቡዕ ፍንጭ እጽፋለሁ። ጥሩ ፍንጭ ስጽፍ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል። ሐሙስ ለትራንተር ወስጄ «ከለንደን ደረሰ» እለዋለሁ። ዓርብ አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው «ኢኒድ እኮ ሊቅ ናት!» ይባባላሉ። እኔ በመስኮት አያለሁ። አንድ ቀን ተነሥቼ እንዳልጮህ እፈራለሁ፤ እውነቴን ነው።

አንድ ገጽ ብቻ። በእግዚአብሔር ይሁንብዎት፣ እምቢም ካሉ እምቢ ይበሉኝና ልረፈው።

ኔሪዳ


ክሮይደን
ኤፕሪል 22፣ 1986

ለኔሪዳ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ። እዚህ ዝናብ ነው።

ከእንግዲህ እንቆቅልሹን ስትልኪልኝ መልሱንም በሌላ ወረቀት ጽፈሽ ጨምሪበት። መነጽሬ አልስማማ ስላለኝ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። እሁድ እሁድ ፌሊሲቲ እንግዳ ትጠራና «እማማ፣ እስቲ አንዷን ፍቺልን» ትለኛለች። ሁሉም አፌን ያያሉ።

ማክሰኞ ዕለት ግራሃም ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ቀኑን ጠየቀኝ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሯን ስም ጠየቀኝ፣ ከመቶ ላይ ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ አለኝ። ግራ ገባኝ። ግራሃም ጣልቃ ገብቶ «እናቴ እኮ በየሳምንቱ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ታዘጋጃለች» ሲለው ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ሳቀና «እንግዲያማ ከእኔ ትሻላለች» አለ። ወደ ቤት ተመለስን፤ ያ ቆንጆ ወረቀትም ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ። አየሽ? አንቺ የምትጠይቂኝ አንድ ገጽ አይደለም።

ግን ክፉ አይደለሁም። እንዲህ እናድርግ። ዘፋኙ ሬግ ታሎክ ባለፈው ክረምት ሞቷል፤ አንብቤያለሁ። ለፖም ለቃሚዎች እንደ እሱ የዘፈነ የለም፤ እኔም በወጣትነቴ በርኒ ከተማ አዳራሽ ውስጥ በዘፈኑ ጨፍሬያለሁ። ስሙን መሐል ላይ፣ አግድም፣ አስገቢልኝ። ፍንጩም ይኸውና፦ «ፖሙን እየለቀመ ልባችንን የለቀመ፤ ዕረፍት ይገባዋል።» ይህን አትንኪብኝ። ታትሞ ባየሁ ዕለት ያልሽውን ደብዳቤ ጽፌ እፈርማለሁ።

አክስትሽ ኢኒድ


አልቨርስተን
ሜይ 14፣ 1986

አክስቴ፤

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ሬግ ታሎክ አልሞተም!

ዓርብ ታተመ። በሦስት ሰዓት ሬዲዮኑ የታሎክን ዘፈን አጫወተ። በአራት ሰዓት ሌላውን። እኩለ ቀን ላይ ጋዜጠኛው በለቅሶ ድምፅ «ዛሬ ጠዋት ከፕላቨር እንደተረዳነው» ማለት ጀመረ። ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ደንቡን ያውቃል፤ ማንም ቆም ብሎ የጠየቀ የለም። እሱ በሚኖርበት በዊንያርድ ከተማ ያለው መጠጥ ቤት መጋረጃውን ዘጋ። የተፋታት ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ከሆባርት ድረስ መጣች።

ሰኞ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ፣ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«ኢኒድ አለች?»

«ለንደን ናት። ማን ልበል?»

«ሟች ነኝ» አለኝ። «ምን እንደገደለኝ ልጠይቃት ነበር።»

አስገብቼ ሻይ ሰጠሁት። ሠላሳ ዓመት ፕላቨርን ፈትቷል። ስሙን ሲያይ ቁጭ ብሎ የእጁን ትርታ እንደለካ ነገረኝ፤ «ኢኒድ ትሳሳታለች ብዬ ማሰብ አልቻልኩም» አለ። ሬዲዮ ጣቢያው ደውሎ «እኔ ነኝ» ሲል ስልኩን ያነሣችው ሴት ጮኻ ዘጋችበት። ሳቅን። ከዚያ ኩባያውን አስቀመጠና «አንቺ ልጅ፣ የከፋኝ ይሄ አይደለም። በሕይወት እያለሁ አሥራ አምስት ዓመት አንዴ እንኳ ዘፈኔን አላጫወቱም» አለኝ። አለቀስኩ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ማጣራት ነበረብኝ፤ ዊንያርድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ለተስፋው ደብዳቤዎ ስለጓጓሁ ነው ያላጣራሁት። ጥርጣሬ ነበረኝ፣ ዋጥኩት።

ትራንተር ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ኢኒድ በእጇ ጽፋ ታስረዳኝ ይላል። አክስቴ፣ የታሎክን ጉዳይ ያዘዙበት ደብዳቤ እጄ ላይ ነው። ለማንም አላሳየሁም። የሚሉትን ይንገሩኝ፤ ደግሞ ቃልዎን አይርሱ፤ ጁን እየደረሰ ነው።

ኔሪዳ


ክሮይደን
ጁን 3፣ 1986

ለኔሪዳ ባርዊክ፤

ለሚስተር ትራንተር በቀጥታ ጽፌያለሁ። ግራሃም አያውቅም፤ በዝናብ ራሴ ፖስታ ቤት ሄጄ ጣልኩት።

እውነቱን ነግሬዋለሁ። ከ1980 ወዲህ አንዲት ፍንጭ እንኳ እንዳልጻፍኩ፣ ሁሉንም የጻፍሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ በቁሙ ያለ ሰው የገደለውም የአንቺ ቸልተኝነት እንደሆነ። ይኸው፣ የፈለግሽውን ደብዳቤ አገኘሽ። ቅጂው እዚሁ ውስጥ አለ፤ ለሲድኒዎቹ ላኪላቸው።

በእኔ እጅ ሳለ ያልተነካ ስም ነበር። «ታሎክን አዘውኛል» ማለትሽ ግን አንጀቴን አሳረረው። እኔ ስለ ታሎክ ምንም አላልኩሽም። ታሎክ ማነው?

ኢኒድ ባርዊክ


አልቨርስተን
ጁላይ 20፣ 1986

ለአክስቴ ለኢኒድ፤

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ወር ተኩል ያልጻፍኩት ስለተናደድኩ ነው፤ አልደብቅዎትም። ብጽፍ የምጽፈውን ፈራሁት።

ትራንተር ደብዳቤዎን ቢሮው ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ አነበበው። ጸሐፊዋ እንኳ ሥራዋን አቁማ አየችኝ። «ስድስት ዓመት ስታታልዪኝ!» አለኝ። አባረረኝ። በፕላቨር ቦታ አሁን የፈረስ ግልቢያ ውጤት ይወጣል። ሥጋ ቤት ስገባ ሰው ጀርባውን ይሰጠኛል። ሚስስ ፑርተን መጠየቅ ትታለች።

የኤፕሪሉ ደብዳቤዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። «አግድም፣ አስገቢልኝ» የሚለው በእጅዎ ተጽፎ አለ። ለትራንተር ባሳየው በአንድ ደቂቃ እጸዳለሁ። ትራንተር ግን ምስጢር አይቋጥርም፤ ያኑ ዕለት «እናትህ ራሷ ያዘዘችውን ረስታለች» ብሎ ለግራሃም ይደውላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። አላሳየሁም። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስልዎት፤ እጄ ስንቴ ወደ መሳቢያው እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅጂውን ለሚስስ ኮትስ ላክሁ። ስለ ታሎክ ስታነብ ከወንበሯ እስክትወድቅ ስቃለች፤ አላስቀየማትም። «እንግዲያው በራስሽ ስም አንድ እንቆቅልሽ ሥሪና ላኪ» አለችኝ። በራሴ ስም! ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። ላክሁ። ተመለሰ። የጻፈችው ይህን ነው፦ «ፍንጮቹ አንድ እንከን የላቸውም። ግን ይህ ፕላቨር ነው፤ ፕላቨርን ሃያ ዓመት ፈትቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው አንቺን ነው። እስከ ኦገስት መጨረሻ ሌላ ላኪልኝ።»

አክስቴ፣ ከዚህ በኋላ ማንን ልክሰስ? በሩ ተከፍቷል፤ የሚወጣው ሰው ጠፋ። ብዕር ሳነሣ የሚናገረው የእርስዎ ድምፅ ነው። ቃል ሳበዛ የሚቆጣኝ እርስዎ፣ ስቀልድ የሚስቀው እርስዎ። ስምዎን ብቻ ተውሼ የኖርኩ መስሎኝ ነበር።

ሌላ ሠርቻለሁ። በንዴት፣ በሁለት ቀን። የራሴ የሆነ ነገር ይኑርበት አይኑርበት እኔ ማየት አቅቶኛል። ፕላቨርን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ አብሬ ልኬዋለሁ። መልሶቹም ጀርባው ላይ አሉ። ይዩልኝ፤ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም።

ኔሪዳ


ክሮይደን
ኦገስት 6፣ 1986

ለልጄ ለኔሪዳ፤

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፤ እኔም በእሱ ቸርነት አለሁ። ፌሊሲቲ ክፍሌን ወደ ታች አወረደችልኝ፤ መስኮቱ በመንገዱ በኩል ነው። ግራሃም ደግሞ ያንን ፎቶ ያለበትን ወረቀት መልሶ አምጥቶታል። ቆንጆ የአትክልት ቦታ አለው ይላሉ።

እንቆቅልሹን አየሁት። ከቁርስ እስከ ምሳ ያዘኝ። ጥሩ ነው፤ ሁሉንም ፍንጭ ሳነብ አወቅኋቸው፤ የእኔ ናቸው። አግድም 4 የእኔ ነው፣ አግድም 11 የእኔ ነው። መቼ እንደጻፍኳቸው ግን ጠፋኝ። እንዲህ ያሉትን የት ነበር ያስቀመጥኳቸው?

ቁልቁል 12 ግን ምንድነው? አይኔን ማመን አቃተኝ። እንዲህ ይላል፦ «በ‹ሞገድ ሰባሪ ጎዳና› ድራማ ሜቪስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየሞላች አልጋ ሥር የምትመልሰው። አንሺውና ውጪ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» መልሱ ሻንጣ ነው፤ ጀርባውን ሳላይ ነው ያገኘሁት። ግን እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ፍንጭ ይጠይቃል እንጂ አይለምንም። ፍንጭ አይጮህም። ደግሞ አሥር ቃል አልፏል፤ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ብሞትም አይወጣም። ማን ከወረቀቶቼ መሐል እንደከተተው አላውቅም።

ይህኛውን እኔ አልጻፍኩትም። ለሚጠይቅሽ ሰው ሁሉ እንዲሁ በዪ፤ ካላመኑሽም ይህን ደብዳቤ አሳዪያቸው፤ ይኸው ፈርሜበታለሁ።

ኢኒድ ባርዊክ